የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኑሮው እንዴት ነው? የሕይወት ጥራትን ደረጃ በደረጃ ለመለካት

በስኳር ክትትል ክፍል በየቀኑ ብዙ ነገር ይለካል። የደም ስኳር፣ ግፊት፣ ክብደት። ኩላሊቱ እንዴት እንዳለ ለማወቅ ክሬቲኒን ይታዘዛል። አቅም ከተገኘ የ3 ወሩ አማካይ ስኳርም ይሠራል። ሰውየው ሌሊት ይተኛ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የለም። እግሩን እያቃጠለው ብርድ ልብስ መልበስ አቅቶት እንደሆነ፣ ሠርግና ለቅሶ መሄድ ትቶ እንደሆነ፣ ለኢንሱሊን ሲል ከልጆቹ ወጪ ቀንሶ እንደሆነ ካርዱ ላይ አይጻፍም።

የደም ስኳሩ ጥሩ ሆኖ ኑሮው የከበደው ሰው አለ። ስኳሩ ከፍ ብሎ ኑሮው ደህና የሆነለትም አለ። ሁለቱ የሚፈልጉት እርዳታ አንድ አይደለም። ማን ምን እንደሚፈልግ የምናውቀው ኑሮውን ራሱን ስንለካ ነው። የለካነውን ደግሞ ልንሠራበት ይገባል፤ ካልሆነ የታካሚውን ጊዜ መውሰዳችን ተገቢ አይደለም።

መመሪያው በክትትል ክፍል ለሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች፣ በዚሁ ርዕስ መመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠሩ ተማሪዎችም ነው። ሕመሙ ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ቢያነቡት፣ ከሐኪም ጋር ስለምን መነጋገር እንደሚችሉ ያዩበታል።

ደረጃ 1፦ የምትለኩትን ነገር ለዩ

የዓለም ጤና ድርጅት የሕይወት ጥራትን የሚያየው እንዲህ ነው፦ ሰው በሚኖርበት ባህልና እሴት ውስጥ ሆኖ፣ ከዓላማው፣ ከሚጠብቀውና ከሚያሳስበው ነገር አንጻር ኑሮውን የሚመዝንበት ዕይታ። ስለዚህ ዳኛው ታካሚው ራሱ ነው። ሐኪሙም፣ ሚስቱም፣ ልጁም አይደሉም።

በሥራ ላይ አራት ነገሮች ሲደባለቁ ይታያል። አንደኛው አጠቃላይ የሕይወት ጥራት ነው፤ ገንዘቡን፣ ዝምድናውን፣ ሰፈሩን ሁሉ ይጨምራል። ሁለተኛው የጤና ሁኔታ ነው፤ መራመድ፣ መልበስ፣ ሕመም፣ የዕለት ሥራ። ሦስተኛው ከስኳር ጋር መኖር ራሱ የሚያመጣው ጫና ነው፤ መርፌው፣ ምግቡ፣ "ነገ እግሬን ይቆርጡኝ ይሆን?" የሚለው ፍርሃት። አራተኛው ድብርት ነው። በስኳሩ የተማረረ ሰው ሁሉ ድብርት የለበትም። ድብርት ያለበትም ሁሉ ጭንቀቱ ከስኳሩ የመጣ ላይሆን ይችላል። መድኃኒታቸው ስለሚለያይ መለኪያቸውም ይለያያል።

መጠይቅ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ "ይህን የምለካው ... ለማወቅ ነው፤ ካወቅሁ በኋላ ... አደርጋለሁ።" ሁለተኛውን ክፍት ቦታ መሙላት ካቃታችሁ ገና አልደረሳችሁም።

ደረጃ 2፦ መጠይቁን ምረጡ

አዲስ መጠይቅ ከራስ ማውጣት አያስፈልግም። የተፈተኑ አሉ። ስማቸው ሲበዛ ግራ ያጋባል፤ ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን በየሥራቸው ላስቀምጣቸው።

አጠቃላይ የሕይወት ጥራትን ለማወቅ የዓለም ጤና ድርጅት አጭሩ መጠይቅ፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ዳብሊውኤችኦኮል-ብሬፍ የሚባለው አለ። 26 ጥያቄዎች አሉት። ሁለቱ አጠቃላይ ናቸው፤ የቀሩት አካልን፣ ስነ ልቦናን፣ ማኅበራዊ ግንኙነትንና አካባቢን ይለካሉ። የሚጠይቀው ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው። በኢትዮጵያ በአማርኛ ብዙ ተሠርቶበታል። ገንዘብን፣ ትራንስፖርትንና የሕክምና አገልግሎት ማግኘትን ስለሚጨምር ለእኛ ሁኔታ ይስማማል ብዬ አምናለሁ።

የጤና ሁኔታን ብቻ በአጭሩ ለማየት ኢኪው-5ዲ-5ኤል አለ። አምስት ነገር ይጠይቃል፦ መንቀሳቀስ፣ ራስን መንከባከብ፣ የተለመደ ሥራ፣ ሕመም፣ ጭንቀትና ድብርት። እያንዳንዱ አምስት ደረጃ አለው። ቀጥሎ ከ0 እስከ 100 በተሰመረ መለኪያ ላይ ሰውየው የዛሬ ጤናውን ያመለክታል። የሚጠይቀው ስለ ዛሬ ብቻ መሆኑን አትርሱ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ለየጤና ሁኔታው የሚሰጠው ዋጋ ተጠንቶ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ስለታተመ፣ መልሱን ወደ ዋጋ የሚለውጥ የሌላ አገር ሠንጠረዥ መዋስ አያስፈልግም።

የስኳሩን ጫና ለመለካት ፔይድ የሚባለው መጠይቅ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ቦስተን ከሚገኘው የጆስሊን የስኳር ማዕከል የወጣ ነው። 20 ጥያቄዎች አሉት። ጊዜ ለሌለው ባለ 5 ጥያቄ አጭር ቅጂ አለው። ሌላው ዲዲኤስ ይባላል፤ 17 ጥያቄ ያለው ሲሆን ጫናውን በአራት ይከፍላል፦ የስሜት ሸክም፣ ከሐኪም ጋር ያለ ችግር፣ ሕክምናውን የመከተል ችግር፣ ከቅርብ ሰዎች ጋር ያለ ችግር። የመጨረሻው ለእኛ ትልቅ ነው። "በሞቴ አንድ ጉርሻ ብቻ" የሚል ዘመድ መሃል ተቀምጦ ምግብን መመጠን ቀላል አይደለም።

ኤዲዲኮል የሚባለው ደግሞ በሌላ መንገድ ይጠይቃል፦ ስኳር ባይኖርብዎት ይህ የኑሮዎ ክፍል ምን ይሆን ነበር? እያንዳንዱ ነገር ለሰውየው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነም ይጠይቅና ሁለቱን ያባዛል። ለጥልቅ ጥናት ጥሩ ነው፤ ረዘም ስለሚል ለተጣበበ ክሊኒክ ይከብዳል።

ከአጭሮቹ አንዱ የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 5 ጥያቄ የደኅንነት ስሜት መለኪያ ነው። ደስታን፣ መረጋጋትን፣ ብርታትን፣ አርፎ መንቃትንና ኑሮ በሚስቡ ነገሮች መሞላቱን ይጠይቃል። በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው። ለዕለት ክትትል ባለ 5 ጥያቄውንና አጭሩን ፔይድ ያዙ። ለጥናት አንድ አጠቃላይና አንድ የስኳር መለኪያ ይበቃል። አራት አምስት መጠይቅ አንድ ሰው ላይ መደርደር መልሱን ያበላሻል። ሰው ሲሰለች ሁሉንም "መካከለኛ" ይላል።

ብዙዎቹ መጠይቆች የባለቤታቸውን ፈቃድ ወይም ምዝገባ ይጠይቃሉ። ለጥናት ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም ያስፈልጋል። ሁለቱንም ቀድማችሁ ጨርሱ።

ደረጃ 3፦ ጉዳት ለደረሰባቸው ተጨማሪ ጠይቁ

አጠቃላይ መጠይቅ የስኳር መዘዞችን በደንብ አያሳይም። እግሩ የደነዘዘና ዓይኑ የፈዘዘ ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ነጥብ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ኑሯቸው ግን አይመሳሰልም።

የነርቭ ጉዳት ያለበትን ስለ ሌሊት ጠይቁት። ማቃጠሉና መውጋቱ በብዛት የሚብሰው ማታ ነው። ስለ ሚዛንም ጠይቁ፤ እግሩ መሬቱን የማይሰማ ሰው ጨለማ ውስጥና ዳገት ላይ ይፈራል፣ ስለዚህ ከቤት አይወጣም። ለዚህ ኒውሮኮል የሚባል የተለየ መጠይቅ አለ። የእግር ቁስል ላለበት ሽታው፣ ፋሻው፣ የሚጫማው ጫማና "ሰው ምን ይለኛል" የሚለው ሀሳብ ከቁስሉ ሕመም በላይ ሊከብዱ ይችላሉ።

ዓይኑ ለተጎዳ ሰው ቪኤፍኪው-25 የሚባለው ባለ 25 ጥያቄ መለኪያ አለ። እሱ ባይገኝ ቢያንስ እነዚህን ጠይቁ፦ ብቻዎን መንገድ ይሻገራሉ? የብር ኖት ይለያሉ? በኢንሱሊን መርፌው ላይ ያለውን መስመር ያነባሉ? የመጨረሻው የኑሮ ጥያቄም የደኅንነት ጥያቄም ነው።

የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው በሳምንት ሁለት ሦስት ቀኑ በማሽን ሥር ያልፋል። ለእሱ ኬዲኮል-36 ተዘጋጅቷል። እዚህ ላይ የወጪውን ነገር ሳይጠይቁ የሕይወት ጥራት ለካሁ ማለት አይቻልም።

ወሲብን በተመለከተ ስኳር በወንዶችም በሴቶችም ላይ ችግር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ 21ኛ ጥያቄ ይህንኑ ይጠይቃል። ጠያቂዎች አፍረው ሲዘሉት አያለሁ። አትዝለሉት። ቀድማችሁ "ይህን ጥያቄ ሁሉንም ሰው ነው የምንጠይቀው፤ መመለስ ካልፈለጉ ይለፉት" በሉ። የሚቻል ከሆነ ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይጠይቅ።

ደረጃ 4፦ ቃላቱን በሰው ላይ ፈትኑ

የአማርኛ ትርጉም መኖሩ ብቻ አይበቃም። መጠይቁ ገና ካልተተረጎመ አካሄዱ የታወቀ ነው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጉማሉ፣ ትርጉሞቹ ይታረቃሉ፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰዋል፣ ልዩነቱ ይታያል። ተተርጉሞ ያለ ከሆነም ከአምስት እስከ አሥር ታካሚዎች ጋር ቁጭ በሉና እያንዳንዱን ጥያቄ ካነበባችሁ በኋላ "ይህ ምን እያለ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። በራሳቸው አባባል ይንገሯችሁ። አዲስ አበባ ላይ የሚገባ ቃል ጎንደር ገጠር ላይገባ ይችላል። "የመዝናኛ ዕድል" ሲባል አንዱ ሲኒማ ያስባል፣ ሌላዋ ጎረቤት ቡና መጠጣትን። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጠያቂው ግን ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱንና ቦታውን አስተካክሉ

ብዙ ታካሚ ወደ ክትትል የሚመጣው የጾም ስኳር ሊለካ በባዶ ሆዱ ነው። አንዳንዱ ሌሊት ተነስቶ ከሩቅ የመጣ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ወረፋ ላይ ይዞ 26 ጥያቄ መጠየቅ ረሃቡን መለካት ነው። ስኳሩም ወርዶ ሊሆን ይችላል። ያላበው፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ሐሳቡ የተበታተነ ሰው ካያችሁ መጠይቁን አስቀምጡና ስኳሩን ለኩ። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ስኳር ወይም ጁስ ይቅደም። ደህና ከሆነም ደም ሰጥቶ፣ ቁርስ በልቶ ይምጣ።

ውጤቱን ለዚያ ቀን ሕክምና ልትጠቀሙበት ከሆነ ሐኪሙ ጋ ከመግባቱ በፊት ጠይቁት። ስለ አገልግሎቱ እርካታ የምትጠይቁ ከሆነ ደግሞ መድኃኒት የሚያዝዝለት ሰው ራሱ አይጠይቀው። ማን ደፍሮ ቅሬታውን ይናገራል?

አስታማሚውን በትህትና ውጭ እንዲጠብቅ አድርጉ። እናት ልጇ አጠገቧ ቆሞ "ሸክም የሆንኩ ይመስለኛል" አትልም። በውጭ አገር ባሉ ክሊኒኮች ልጆች ለወላጆቻቸው ሲያስተረጉሙ የሚሆነውም ይኸው ነው። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ፣ ለዚህ ጥያቄ ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የሠለጠነ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ አጠያየቁ

በጣም የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

እኛ ጋ "እንዴት ነዎት?" ሲባል "እግዚአብሔር ይመስገን" ወይም "አልሐምዱሊላህ" ይከተላል። ጥሩ ነው፤ ተቀበሉት፣ አብራችሁ አመስግኑ። ነገር ግን ይህን መልስ "በጣም ጥሩ" ብላችሁ እንዳታከብቡ። ምስጋናው ስለ ፈጣሪ ነው፤ ጥያቄው ስለ እግር፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ኪስ ነው። እንዲህ በሉ፦ "ተመስገን ነው እማማ፣ ሁሌም ይመስገን። አሁን ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ብቻ እያሰቡ ይመልሱልኝ። ልክና ስህተት የሚባል መልስ የለም። የተቸገሩበትን ቢነግሩኝ ማማረር አይሆንብዎትም።" ይህን ስትሉ ብዙ ሰው ይከፈታል።

"ሁለት ሳምንት" በሐሳብ አይያዝም። በበዓልና በገበያ ቀን አስሩት፦ "ካለፈው ሚካኤል ወዲህ"፣ "ከዛሬ ሁለት ሳምንት ዓርብ ጀምሮ"። ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን መሃል ከሆነ ቀኑን ጻፉ። በጾም ወቅት አመጋገቡም፣ የመድኃኒት ሰዓቱም፣ የመንፈሱ ሁኔታም ይለወጣል። በጾም የለካችሁትን በፋሲካ ሰሞን ከለካችሁት ጋር ስታወዳድሩ ይህ ካልተመዘገበ ትሳሳታላችሁ።

አምስቱን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ማንበብ ያልተማረን ሰው ያደክማል። በሁለት እርምጃ ጠይቁ። "በእንቅልፍዎ ረክተዋል ወይስ አልረኩም ወይስ መሃል ነው?" ቀጥሎ "አልረኩም" ካሉ "በጣም ነው ወይስ በመጠኑ?" አምስት ብርጭቆ፣ ከባዶ እስከ ሙሉ ተስሎ በወረቀት ማሳየትም ይረዳል። ዓይናቸው ለተጎዳ በጣት ቁጠሩላቸው።

ጥያቄውን እንደተጻፈ አንብቡ። ካልገባቸው ደግማችሁ አንብቡ። "ማለትም ይጨነቃሉ፣ አይደል?" አትበሉ፤ መልሱን እናንተ ሰጣችሁ ማለት ነው። ጠያቂዎች ከአንድ በላይ ከሆናችሁ አንድ ላይ ልምምድ አድርጉ። አንዱ ሲያብራራ ሌላው ካላብራራ፣ በቁጥሩ ላይ የሚታየው ልዩነት የታካሚዎቹ ሳይሆን የእናንተ ይሆናል።

አንድ ሰው ቢያለቅስ መጠይቁን አቁሙ። መኖር እንደማይፈልግ ቢናገር ያን ቀን ሳይታይ አይሂድ። ወደ ማን እንደምትልኩት ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ።

ደረጃ 7፦ ማስላት

ባለ 5 ጥያቄው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሰጠዋል። ደምሩና በ4 አባዙ። አንዲት ታካሚ 3፣ 2፣ 2፣ 1፣ 3 ብትመልስ ድምሩ 11 ነው፤ በ4 ሲባዛ 44። 50 እና ከዚያ በታች ከሆነ ስሜቷ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ፒኤችኪው-9 የሚባለው ባለ 9 ጥያቄ የድብርት መጠይቅ ይሠራላት። 28 እና ከዚያ በታች ከሆነ አታዘግዩ።

ፔይድ 20 ጥያቄውን ከ0 እስከ 4 ይመዝናል። ድምሩ በ1.25 ይባዛል። ድምሩ 38 ከሆነ 47.5 ይመጣል። 40ና ከዚያ በላይ ከባድ ጫና ነው። በአጭሩ ባለ 5 ጥያቄ ድምሩ 8 ሲደርስ ትኩረት ያስፈልገዋል። ዲዲኤስ በአማካይ ነው የሚነበበው፤ ከ2 በታች ቀላል፣ ከ2 እስከ 2.9 መካከለኛ፣ 3ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ።

የዓለም ጤና ድርጅት 26 ጥያቄዎች ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። 3ኛው፣ 4ኛውና 26ኛው ጥያቄ ይገለበጣሉ፤ ከ6 ላይ መልሱን ቀንሱ። ይህን መርሳት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የአካሉ ክፍል ጥያቄዎች 3፣ 4፣ 10፣ 15፣ 16፣ 17 እና 18 ናቸው። አንድ ሰው በተራ 4፣ 4፣ 3፣ 2፣ 2፣ 3፣ 3 ቢመልስ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተገልብጠው 2 እና 2 ይሆናሉ። ድምሩ 17 ነው። ለ7 ሲካፈል 2.43፣ በ4 ሲባዛ 9.71። ከዚህ ላይ 4 ቀንሳችሁ ለ16 አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። ወደ 36 ይመጣል። ከ0 እስከ 100 ባለው መለኪያ ይህ ዝቅ ያለ ነው።

አራቱን ክፍሎች ግን ደምራችሁ አንድ ቁጥር አታድርጉ። መጠይቁ ለዚያ አልተሠራም። የኢኪው-5ዲ መልስም እንደዚያው ነው። የአምስቱ መልሶች ደረጃ ተከታትሎ ሲጻፍ የሚመጣው እንደ 21232 ያለ ቁጥር አይደመርም፤ በሠንጠረዥ ነው ወደ ዋጋ የሚለወጠው። ከ26ቱ ከ5 በላይ ካልተመለሰ ያ ወረቀት ከስሌት ይውጣ።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ማንበብ

ተማሪዎች ይህን ክፍል ቢያንስ ሁለቴ እንዲያነቡት እለምናለሁ። በብዙ ጥናት የሚሠራው እንዲህ ነው። የተሳታፊዎቹ አማካይ ይወሰዳል፤ ከአማካዩ በላይ ያመጣው "ጥሩ የሕይወት ጥራት"፣ በታች ያመጣው "ደካማ የሕይወት ጥራት" ይባላል። ከዚያ "ግማሽ ያህሉ ታካሚ የሕይወት ጥራቱ ደካማ ነው" ይጻፋል። በአማካይ ስንከፍል አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ በታች ይወድቃል። ሁሉም ደስተኛ ቢሆኑም፣ ሁሉም ቢሠቃዩም ውጤቱ ያው ነው። ለዚህ መጠይቅ የዓለም ጤና ድርጅት ጥሩና ደካማን የሚለይ መቁረጫ አላወጣም። ነጥቡን እንደ ነጥብ አቅርቡ፤ በየክፍሉ፣ ከ0 እስከ 100። ስኳር ከሌለባቸው የሰፈር ሰዎች ጋር ማወዳደር ከቻላችሁ ደግሞ ቁጥሩ ብዙ ይናገራል።

ሌላው የምክንያት ጉዳይ ነው። አንዴ ብቻ ለክታችሁ "የእግር ቁስሉ ኑሮውን አበላሸ" አትበሉ። ገንዘብ ያጣ ሰው ኑሮውም ይከፋል፣ ቁስሉም ዘግይቶ ይታከማል። ዕድሜን፣ ገቢን፣ በሕመሙ የቆየበትን ዘመንና ድብርትን አብራችሁ ተመልከቱ።

ጥሩ ነጥብ ስታዩም አትጠራጠሩ። እግሩን ያጣ ሰው ከጊዜ በኋላ ኑሮውን አስተካክሎ ከፍ ያለ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል። እውነቱን ነው። እናንተ ስላዘናችሁለት ነጥቡን ዝቅ ማድረግ አትችሉም።

በሁለት ጊዜ መካከል ያለውን ለውጥ ስታነቡ እንደ ግምት የሚያገለግል ልማድ አለ፤ የመደበኛ ልይይት (የሰዎቹ ነጥብ ከአማካዩ የሚርቅበት መጠን) ግማሽ ያህል ከተለወጠ ሰውየው የሚሰማው ለውጥ ነው ይባላል። ልይይቱ 16 ከሆነ የ8 ነጥብ ለውጥ ማለት ነው። የ2 ነጥብ ለውጥን በቡድን ስሌት ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ሰውየው ግን ላያውቀው ይችላል።

ደረጃ 9፦ ሥራ ላይ ማዋል

ውጤቱን ለታካሚው ንገሩት። "ከሁሉ ዝቅ ያለው እንቅልፍዎና ሕመምዎ ነው፤ እኔም እንዲህ ነው ያየሁት፣ ልክ ነኝ?" ከዚያ ጠይቁት፦ "ከእነዚህ አንዱን ብናስተካክል የቱ ይቅደም?" ብዙ ጊዜ የሚመርጡት እኛ ያልገመትነውን ነው።

የነርቭ ሕመም ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒት ይጨምርለት ወይም ይለውጥለት። ወጪ ከሆነ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መመዝገቡን አጣሩ፤ ቀጠሮውንም ከሌላ ክሊኒክ ቀጠሮው ጋር በአንድ ቀን አድርጉለት፣ የመኪናው ዋጋ በግማሽ ይቀንሳል። ጫናው ከቤተሰብ ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ምግብ የምታዘጋጀውን ሰው ይዞ ይምጣ፤ ትምህርቱ ለሁለቱም ይሰጥ። ጫናው ከእኛው ከባለሙያዎቹ ከሆነም መስማት አለብን። በየቀጠሮው "ምን በልተህ ነው ስኳርህ እንዲህ የወጣው?" እያሉ የሚቆጡት ሰው ቀጠሮ ይቀራል።

ከዚያ ካርዱ ላይ ከደም ስኳሩ ቀጥሎ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ነጥቡን፣ ታካሚው የመረጠውን አንድ ችግር፣ ማን ምን እንደሚያደርግ። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ በዚያው መጠይቅ፣ በዚያው አጠያየቅ ድገሙት። ሰውየው ሲመለስ መጀመሪያ የምትጠይቁት ያንን የመረጠውን ችግር ይሁን።